ወርቄ ወልዳለች

የካቲት 26 ሲመጣ ስልኬ በካራማራ ይሞላል። ታንክ ላይ የቆሙ ወታደሮች፣ ባንዲራ፣ ሽለላ። እኔም ላይክ እያደረግኩ አልፋለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ስልኩን አስቀምጥና ወንድም ጋሼን አስባለሁ። እሱ የካራማራን ድል አላየም። ተራራውን ግን ሳያየው አልቀረም፤ የተያዘው እዚያው አካባቢ ነው።

ወንድም ጋሼ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታላቅ። እናቴ እንደዚያ ስለምትጠራው እኛ ልጆችም፣ ጎረቤቱም ወንድም ጋሼ አልነው። በኋላ አያቴ ራሷ እንደዚያው ማለት ጀመረች። እናት ልጇን "ወንድም ጋሼ" ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት ነበር። የክርስትና ስሙንም የዓለም ስሙንም መጥራት ከብዷት ይመስለኛል። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

በአካል አላውቀውም። እሱ ከቤት የወጣው ግንቦት 1969 ነው፣ እኔ የተወለድኩት በ1972። የማውቀው በበርኖሱ ነው።

አገራችን መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሰፈር። መንዝን ለማያውቅ አንድ ነገር ብቻ ልንገረው፦ ብርድ ነው። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ኅዳር ላይ ጠዋት በር ስትከፍቱ ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ውርጭ ነው። እህሉ ከተረፈ እሰየው። በግ ግን አለ። ሴቶቹ የበጉን ፀጉር ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሠራዋል፣ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። የወንድም ጋሼን ጥቁር በርኖስ አያቴ ናት የፈተለችው። ሲዘምት ትቶት ሄደ። "እዚያ ቆላ ነው አሉ፣ ምን ይሠራልኛል" ብሎ። አያቴ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ከሳጥን ታወጣውና ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። ብል እንዳይበላው። እኔና የአክስቴ ልጆች ከስሩ ገብተን ድንኳን እንጫወት ነበር፣ እስክትቆጣን ድረስ። የጭስና የበግ ሽታ ነበረው። አሁንም የትም ቦታ እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ወንድም ጋሼ ይመስለኛል፣ የማላውቀው ሰው።

አወጣጡ እንደ ብዙው ገበሬ ነው። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። ከየቀበሌው ወንድ ተመዘገበ። 300,000 ሚሊሺያ ይዘምታል ተባለ። ወንድም ጋሼ ታጠቅ ገባ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ጦር ሰፈር። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ አሳዩ። ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። እነሱም ወደ ምሥራቅ ተጫኑ። ሞፈር ከጨበጠ እጅ ወደ ጠመንጃ ስንት ሳምንት እንደፈጀ አስሉት። መስከረም 1970 መባቻ ላይ ጅጅጋ ወደቀች። ወንድም ጋሼ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

"የጠፋው" ያልኩት አያቴ እንደዚያ ስለምትል ነው። ሞተ የሚል የለም፣ ተማረከ የሚልም የለም። ጠፋ። እንደ በግ።

"ተማረከ" የሚለውን ቃል ሰፈሩ አይወደውም ነበር። በእኛ ፉከራ ውስጥ ማራኪ አለ፣ ገዳይ አለ፣ ሟችም አለ። ምርኮኛ የለም። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ እንኳ ለምርኮኛ ግጥም የላትም። አንድ ዘመዳችን ጠላ ሞቅ ሲያደርገው "እጁን ሰጥቶ ይሆናላ" ብሎ ነበር አሉ። አያቴ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ቤት ለቡና ሄዳ አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት! ሲሞት ግን ለቅሶውን ደረሰች።

በ1973 ወረቀት መጣ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት፣ አጭር፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት። እናቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራ ነበርና እሷ አነበበች። ጽሕፈቱ የእሱ አልነበረም፣ ቃሉ ግን የእሱ ነው፣ አያቴ ምላለች። ደህና ነኝ ይላል። እናቴን፣ የነፍስ አባታችንን ቄሱን፣ ጎረቤቱን በስም በስም ሰላም በሉ ይላል። ከዚያ መጨረሻው ላይ፦ "ወርቄ ወለደች ወይ?"

ወርቄ ጊደሩ ናት። ከብት ብላችሁ እሷ ብቻ ነበረች። ከአክስቱ በስጦታ ያገኛት፣ ራሱ ያሳደጋት። ሲዘምት ለኮርማ ደርሳ ነበር።

ችግሩ ወርቄ የለችም። በ1971 ተሸጣለች። የተሸጠችው ለእናቴ ሠርግ ነው። ተበላ፣ ተጠጣ፣ እናቴ ተዳረች፣ እኔ ተወለድኩ። እናቴ መልሱን ልትጽፍ ስትቀመጥ እጇ እምቢ አለ። አያቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንዝርቷን እያሾረች "ጻፊ" አለቻት። "ምን ብዬ?" "ወልዳለች በይው።" "እንዴት ብዬ እዋሻለሁ?" "ሁለት ወልዳለች፣ ሁለቱም ሴት፣ በይው።" እናቴ ጻፈች። ይህን የነገረችኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እስካሁንም ስትናገር ድምጿ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ስለ ምርኮኛ ሕግ ማንበብ የጀመርኩት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ሁለቱም አገሮች ተቀብለውታል፣ ሶማሊያ በ1962፣ ኢትዮጵያ በ1969፣ በፈረንጅ። አንቀጽ 70 ላይ የተማረከ ሰው ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ መጻፍ እንዲችል ይላል። አንቀጽ 71 ላይ ደግሞ በወር በትንሹ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ። ወንድም ጋሼ በምርኮ የቆየበትን ወር ቆጠርኩት። 74 ወር። 148 ደብዳቤ፣ 296 ካርድ። የደረሰን አንድ ነው። ኤክሴል ላይ አስገብቼ አየሁትና ዘጋሁት።

ሌላም ነገር አለ። እሱ በተያዘ ጊዜ የሶማሊያ መንግሥት የእኔ መደበኛ ጦር እዚያ የለም ይል ነበር። የሚዋጉት የኦጋዴን ታጋዮች ናቸው ነው ነገሩ። ጦሩን በይፋ ማዝመቱን ያሳወቀው የካቲት 1970 ነው፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል። ስለዚህ ወንድም ጋሼን የማረከው ጦር በወረቀት ላይ አልነበረም። በወረቀት በሌለ ጦር የተያዘ ሰው ወረቀት እንዲደርሰው መጠበቅ የእኛ የዋህነት ነበር።

አንቀጽ 118 ይበልጥ ያበሽቃል። ውጊያው ሲያበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይለቀቁ ይላል። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች፣ የሶማሊያ ጦር በቀናት ውስጥ ለቆ ወጣ። ምርኮኞቹ የተለቀቁት ነሐሴ 1980 ነው። አሥር ዓመት ከመንፈቅ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የሶማሊያ ልጆችም እኛ ጋ ታስረው ነበር፣ የተለቀቁትም ያኔ ነው። ሐርጌሳ ወይም ቡራኦ ውስጥም የሆነች እናት የልጇን ልብስ ፀሐይ ላይ ትዘረጋ እንደነበር አልጠራጠርም።

ደግሞ የተለቀቁት አንድ ሰው አዝኖላቸው አይደለም። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የኢትዮጵያ ጦር ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። መንግሥት ጦሩን ከምሥራቅ ድንበር አንስቶ ወደ ሰሜን መውሰድ ነበረበት። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬም በራሱ አማፅያን ተወጥሯል። ሁለቱ በዚያው ሰሞን ተስማሙ። አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ያቆማል፣ ምርኮኛም ይመለሳል። ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በኩል ተመለሱ። ከነሱ መካከል የኤፍ-5 አብራሪው ለገሰ ተፈራ ነበር፣ 11 ዓመት ታስሮ። ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፎ የተማረከው ኩባዊው ኦርላንዶ ካርዶሶ ቪላቪሴንሲዮም በዚያው ወር ተፈታ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ። ሬዲዮ ስለ ምርኮኞች መመለስ ሲያወራ አያቴ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ሁለት ሳምንት ከረመች። ስም አይነበብም እኮ፣ እናቴ ነግራታለች። ቢሆንም ሄደች። ቤታችንም ተለቀለቀ፣ ጌሾ ተወቀጠ።

እንግዳው የመጣው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፣ 1981። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጣርማ በር በጭነት መኪና መጥቶ የቀረውን በእግሩ ተጉዟል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሱ ከፊት የጎደለ። ወሎዬ ነው። በር ላይ ቆሞ የአያቴን ስም ጠራና "ቤታቸው ይሄ ነው?" አለኝ። አያቴ ከጓዳ ወጥታ አየችው። ለአፍታ ያህል ልጇ መስሏት ነበር፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ፊቷ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማን ነህ አላለችውም። እግሩን አጠበችው። እንጀራ አቀረበች። ሲበላ ዝም ብላ ታየዋለች። እሱም ዝም ብሎ ይበላል። ጨረሰና በሩን አሻግሮ ግቢውን አየ። በረት የለም። አዛባ የለም።

"እማማ፣ ከብቶቹ ግጦሽ ናቸው?" አላት።

"የምን ከብት ልጄ?"

"እነ ወርቄ ናቸዋ። እነ ዳለቻ፣ እነ ሐመር።"

አያቴ ምንም አልተደናገጠችም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት። "አዎ፣ ግጦሽ ናቸው" አለች። "እረኛው አርቆ ወስዷቸው ነው።"

መሸ። የጎረቤት ከብት ገባ፣ የእኛ አልገባም። እንግዳው አልጠየቀም። ብርዱ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጨው አያቴ ሳጥኑን ከፈተች፣ በርኖሱን አውጥታ አለበሰችው። ያን ጊዜ እንግዳው ማልቀስ ጀመረ፣ ፊቱን በርኖሱ ውስጥ ደብቆ። አያቴ ያን ጊዜ ያወቀች ይመስለኛል። ግን መርዶ በማታ አይነገርም። እሱም አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም። እሳቱን ቆስቁሳ "ተኛ ልጄ፣ ደክሞሃል" አለችው።

በነጋታው ቄስ አባታችን ጋ ሄዶ ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ካህናት ተሰብስበው መጡ። ከዚያ ያለውን አልጽፍም። መርዶ ሰምታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አያቴ እርሟን አወጣች። አሥራ አንድ ዓመት አፏ ላይ የያዘችውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አለቀሰችው። በርኖሱ መሐል ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ አስከሬን የለማ።

ቀትር ላይ ጋብ ሲል አያቴ እንግዳውን አጠገቧ አስቀምጣ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ እንዴት ሞተ አልነበረም። "መቼ?" ነው ያለችው።

"ኅዳር 20፣ በ1976። ረቡዕ ነበር፣ እማማ። ከጽዮን ማርያም አንድ ቀን ሲቀረው።"

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቄስ አባታችን "እንዴት እርግጠኛ ሆንክ? እዚያ አገር ቀኑን ማን ነገራችሁ?" አሉት።

እዚህ ላይ ነው እኔ ሁሌ የምቆመው። አብሯቸው አንድ የጎንደር ዲያቆን ታስሮ ነበር። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ በቃሉ ያውቃል። መጽሐፍ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ግን ቁጥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መሬት ላይ በጠጠር ያሰላል። የዓመቱን መነሻ ቁጥር፣ ወንበሩን፣ ያወጣል፣ በ11 አባዝቶ በ30 እየገደፈ አበቅቴውን ያገኛል፣ በ19 አባዝቶ መጥቅዑን። ከዚያ ጾም የሚገባበትን፣ ፋሲካ የሚውልበትን ለሁሉም ይናገራል። በየማለዳው አንድ ጠጠር ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጠባቂዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ይተዉታል። ሙስሊም ጓደኞቻቸው ጨረቃዋን ይቆጥራሉ፣ ሁለቱ ይተራረማሉ። እንግዳው ራሱ ማንበብ አይችልም። ግን "የዚያ ዓመት ዮሐንስ ነበር፣ አበቅቴ 28፣ መጥቅዕ 2" ብሎ እንደ ዳዊት አነበነበው።

ትልቅ ሰው ሆኜ አስልቼዋለሁ። ዓመተ ዓለሙ፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው፣ 7476 ነው። ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ዘመነ ዮሐንስ። ወንበሩ 8። አበቅቴው 28፣ መጥቅዑ 2፣ ሲደመሩ ደንቡ እንደሚለው 30። ኅዳር 20ም ረቡዕ ይውላል። ዲያቆኑ አልተሳሳተም። ሁለት መንግሥታት ያልመዘገቡትን ቀን አንድ የተራበ ልጅ በጠጠር ይዞታል።

የሞተው በሳል ነው፣ ሳንባውን ታሞ። መጨረሻው ላይ ደም ይተፋ ነበር። ሙቀቱ ለእሱ አልሆነም አለ እንግዳው። በሐሩሩ መሐል ተኝቶ ስለ ውርጭ ያወራ ነበር፣ ሳሩ ሲነጣ፣ በጎቹ ላይ በረዶ ሲንጠለጠል። ቆለኞቹ ውሸት ነው ብለው ይስቁበታል። ሲሞት ጓደኞቹ በሰሌን ጠቅልለው ከአጥሩ ውጭ ቀበሩት። ዲያቆኑ ከፍታቱ የሚያውቀውን ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገመለት። በራስጌው ሦስት ድንጋይ አቆሙ። አንቀጽ 120 የምርኮኛ መቃብር ይከበር፣ ምልክት ይደረግበት፣ ሁልጊዜም የሚገኝ ይሁን ይላል። ሦስት ድንጋይ።

ቄስ አባታችን ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው ተፈቷል" አሉ። ቢሆንም እሳቸውም ደገሙለት።

ስለ ከብቶቹ የነገረን ሊሄድ ሲል ነው። የእናቴ መልስ ለወንድም ጋሼ ደርሶታል። ዲያቆኑ አነበበለት። "ወርቄ ሁለት ወልዳለች፣ ሁለቱም ሴት" ሲባል ብድግ ብሎ ጨፈረ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብት ያረባ ጀመር። የመጀመሪያዋን ዳለቻ አላት፣ ሁለተኛዋን ሐመር። ቀለማቸውን ራሱ ወሰነ። መቼ ኮርማ ያገኛሉ፣ መቼ ይወልዳሉ፣ በዲያቆኑ ቀን እየቆጠረ ያሰላል። ዳለቻ የወለደች ዕለት እስር ቤቱ በሙሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሏታል። አንዱ ጥጃ ወንድ ሆነ፣ ቦራ ተባለ፣ ለመጀመሪያው የሚፈታ ሰው ተሰጠ። ወተቱን ያከፋፍላል፣ ቅቤውን ለማን እንደሚሰጥ ይከራከራሉ። አንድ ጎጃሜ ስለ አንዲት ጥጃ ተኳርፎት ሦስት ቀን አላናገረውም ነበር። ሲሞት ስድስት ደርሰዋል።

"ስድስት ናቸው ብሎ ነበር፣ እማማ" አላት እንግዳው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

አያቴ መሬት መሬት አየች። "ወርቄን ሸጫታለሁ" አለችው። "ለልጄ ሠርግ።"

"አውቄያለሁ" አላት። "የመጣሁ ዕለት አውቄያለሁ።"

በርኖሱን ሰጠችው። እምቢ አለ፣ ተማማሉ፣ በመጨረሻ ለብሶት ሄደ። እኔ ተናድጄ ነበር። ድንኳናችን ነበራ።

መርዶው በኅዳር 15 ስለሆነ ሙት ዓመቱ አምስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። አያቴ አርባውን ከየት ልቁጠር ብላ ቄስ አባታችንን አስቸገረቻቸው። ከዛሬ ቁጠሪ አሏት። እሷ ግን የያዘችው ኅዳር 20ን ነው። ከዚያ እስክትሞት፣ በ1994፣ አንድ ዓመት አላጓደለችም። ቀኑ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ድግሱ ሽሮና ምስር፣ ንፍሮና ጠላ ነው። በግ አይታረድም። እናቴ "እናቱን እንዳያስቸግር ቀኑን መርጦ ነው የሞተው" ትላለች። ሳቅ ይመጣብናል፣ እንስቃለንም።

ወረቀት እናውጣለት ብለን ሞክረን ነበር። እናቴ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ተመላለሰች። መማረኩን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ ይሏታል። የቀይ መስቀሉን ወረቀት ስታሳያቸው፣ ይሄ በሕይወት መኖሩን እንጂ መሞቱን አያሳይም። የሞተበት ቀን አለኝ ስትል፣ ማን መዘገበው? ጠጠር ልትላቸው ነው? ተወችው።

ባለፈው ዓመት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሰው ልጠይቅ ሄጄ መንገዱን ተሻግሬ ትግላችን ሐውልት ገባሁ። በ1977 መስከረም የተመረቀው፣ ኮከብ ያለው። የተሰዉት ኩባውያን ፎቶ ከነስማቸው አለ። አንድ በአንድ አየኋቸው፣ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ ፂም እንኳ ያላበቀሉ። የእናቶቻቸው ልጆች ናቸውና ቅር አላለኝም። የሆነ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ግን ስልኬን አውጥቼ ካላንደሩ ላይ ኅዳር 20ን በየዓመቱ እንዲደጋገም አድርጌ መዘገብኩ። ስሙን ጠየቀኝ። "ወንድም ጋሼ" ብዬ ጻፍኩ።

አያቴ በ1982 አምስት በግ ሸጣ፣ የፈተለችውንም ጨምራ ጊደር ገዛች። ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። "ስሟ ዳለቻ ነው" አለች። ማንም ምንም አላላትም። ጊደሯ እሳት የመሰለች ቀይ ነበረች።